ማስተካከያ፦ አልጀብራ 7ኛ ክፍልን አይጠብቅም

ባለፈው ሳምንት «ልጆች አልጀብራ የሚጀምሩት 7ኛ ክፍል ኤክስ ሲመጣ ነው፣ እስከዚያ መደመርና መቀነስ ይበቃቸዋል» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።

ፊደሉ ነው እንጂ የሚዘገየው አስተሳሰቡ ገና በልጅነት ይጀምራል። ደሴ ያለችው የእህቴ ልጅ 5 ዓመቷ ነው። እናቷ ስፌት ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብላ ታያለች፦ ሁለት ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ፣ ሁለት ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ። እናቷ አክርማ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ቀድማት «አሁን አረንጓዴ ነው!» ትላለች። ደንቡን ይዛዋለች። አልጀብራ የሚበቅለው ከዚህ ነው።

የባሰው ስህተቴ ግን የእኩል ምልክቱ ላይ ነው። «መልሱ ይህ ነው ማለት ነው» ብዬ ነበር፤ አይደለም። እስቲ 8 + 4 = __ + 5 ብላችሁ ልጅ ጠይቁ። ብዙዎቹ 12 ይላሉ፣ አንዳንዶቹም ሁሉንም ደምረው 17። መልሱ 7 ነው፣ ምክንያቱም ምልክቱ እንደ ገበያ ሚዛን ግራና ቀኙ እኩል ነው ማለት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1557 ምልክቱን ያስተዋወቀው ሮበርት ሬኮርድም ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነሱ የበለጠ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነው።

አብሽሩ፣ ለማረም ቀላል ነው። በአንድ ወገን 5 ባቄላ፣ በሌላው 3 አስቀምጡና «እኩል እንዲሆን ምን እናድርግ?» በሏቸው። አንዳንዴም 7 = 3 + 4 ብላችሁ ገልብጣችሁ ጻፉላቸው።