ከቶሮ የታያችሁ ልብስ አጠባው ብቻ ነው?

ሰሞኑን አንድ የዩቲዩብ ውይይት ላይ ስለ አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ሲወራ አንዱ እንግዳ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «እናቱ ልብሱን እያጠበችለት ጫካ ገባሁ የሚል አስመሳይ ነው፣ ከሱ ስለ ቀላል ኑሮም ስለ ሰላማዊ ትግልም የምንማረው የለም»። አወያዩ ከት ብሎ ሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም፣ ይቺ የልብስ አጠባ ወሬ ቶሮ በተነሳ ቁጥር ትመዘዛለች፣ የሰውየውን አንድ ገጽ ሳያነቡ አዋቂ ለመምሰል ደግሞ ከሷ የሚረክስ ነገር የለም።

ሰውየው መናኝ ነኝ ብሎ ያውቃል እንዴ? ጎጆውን የሠራው ዋልደን ሐይቅ ዳር የጓደኛው የኤመርሰን መሬት ላይ ነው፣ ኮንኮርድ ከተማ በእግር የሚደረስበት ነው፣ በየቀኑ ወይ በየሁለት ቀኑ ከተማ ብቅ እንደሚል ስለ ጎጆ ኑሮው በጻፈው «ዋልደን» መጽሐፉ ላይ ራሱ ጽፎታል። ምኑን ነው ያጋለጣችሁት? ደሞ ያቺ ልብስ አጣቢ ያደረጋችኋት እናቱ ከሴት ልጆቿ ጋር የኮንኮርድ ሴቶች የፀረ ባርነት ማኅበር አባል ነበረች፣ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ቤታቸው ይጠለሉ ነበር። የሴትየዋ ታሪክ ሁሉ ቀርቶ ሳሙናው ብቻ ነው የታወሳችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቶሮ ጎጆዋን በ28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነው የሠራት፣ ሚስማሩንና ኖራውን ሳይቀር አንድ በአንድ መዝግቦታል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ይሰለቸዋል፣ ለኔ ግን የመጽሐፉ ልብ ያ ሂሳብ ነው፣ ምክንያቱም ለሱ የአንድ ዕቃ ዋጋ ብር አይደለም፣ ዕቃውን ለማግኘት የምትከፍለው ዕድሜ ነው። በዓመት ስድስት ሳምንት ገደማ ብሠራ ለኑሮዬ ይበቃኛል ብሎ ነው የደመደመው። እኛ እዚህ አሜሪካ ለሞርጌጅና ለመኪና ሁለት ሥራ የምንሯሯጠው ሰዎች ይቺን ስናነብ ከመሳቅ ይልቅ ሊያመን ነበር የሚገባው። እና ይሄው ሰው እ.ኤ.አ. በ1846 ሐምሌ ላይ፣ ገና ጎጆው ውስጥ እየኖረ፣ ባርነትን ለሚጠብቅና ሜክሲኮን ለሚወጋ መንግሥት የነፍስ ወከፍ ግብር አልከፍልም ብሎ ታሰረ። ሰዎች ጎጆውና እስሩ ሁለት ታሪክ ይመስላቸዋል፣ አንድ ነው! ቪላና ሱቅ ያለው ሰው አልከፍልም ቢል ነገ ይወረስበታል፣ ልጆቹን ያስባል፣ ዝም ይላል። የሚወረስበት የሌለውን ሰው ግን በምን ታስፈራራዋለህ? ቀላል ኑሮ ማለት ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ ፎቶ መነሳት ሳይሆን እጅህን የሚጠመዝዙበትን ነገር መቀነስ ነው፣ ቶሮ ይሄን የገባው ያህል የገባው ፖለቲከኛ እስካሁን አላየሁም።

«አንድ ሌሊት ብቻ ነው የታሰረው» ይላሉ ደግሞ። አዎ አንድ ሌሊት፣ ያውም ግብሩን ሌላ ሰው ከፍሎበት በግድ ነው የወጣው። ከዛች ሌሊት የወጣውን ጽሑፍ ጋንዲ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ አንብቦታል፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ አትላንታ ኮሌጅ እያለ አንብቦታል። የናንተ ስንት ሌሊት ምን አፈራ?

አንድ ነገር እሰጣለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1859 ጠመንጃ አንስቶ ባርነትን ሊሰብር ለተነሳው ለጆን ብራውን አደባባይ ወጥቶ ተሟግቷል፣ ስለዚህ «ሰላማዊ» የምትለዋ ቅጽል ሙሉ በሙሉ አትለካውም። እንግዳችን ይቺን ቢያነሳ ኖሮ አከብረው ነበር። እሱ ግን ልብስ ላይ ቀረ።

የተያዘው ለጥገና የሰጠውን ጫማ ሊወስድ ከተማ ሲገባ ነበር። በማግሥቱ ሲለቁት ጫማውን ተቀብሎ አድርጎ ከሰዎች ጋር የዱር ፍሬ ሊለቅም ኮረብታ ወጣ። ጫማውንስ ማን ሰፋለት የሚል ቪዲዮ በሚቀጥለው ሳምንት እጠብቃለሁ።