ሱሱን የዘፈነ ልጅ፦ ማስጠንቀቂያ ነው ወይስ ማስታወቂያ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ራፕ የሚወዱ ልጆች ኅዳር ላይ የሙዚቃ ምሽት ሊያዘጋጁ አስበዋል። ምሽቱ ለአሜሪካዊው ራፐር ለጁስ ወርልድ መታሰቢያ ነው። ጁስ ወርልድ፣ በእናት አባት ስሙ ጃራድ ሂጊንስ፣ የሞተው ኅዳር 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። 21 ዓመት ከሞላው ገና ስድስት ቀኑ ነበር። የገደሉት ኦክሲኮዶንና ኮዴይን የሚባሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ዝና ያገኘውም ስለዚሁ ሱሱና ስለ ጭንቀቱ እየዘፈነ ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ በአዳራሽ ይዘከር ወይስ ይቅር? ሁለት የከተማችን ሰዎች ተጋጥመዋል። አንዷ በሱስ የተያዙ ሰዎችን የምታክም ነርስ ናት። ሌላው እቤቱ ትንሽ ስቱዲዮ ያለው ቢት ሠሪ፣ ማለትም ለራፐሮች ምት የሚያቀናብር ነው፤ ከምሽቱ አዘጋጆችም አንዱ። ስማችን ይቅር ስላሉ በሥራቸው እንጠራቸዋለን።

ነርሷ፦

ልጁን ጠልቼው አይደለም። ዘፈኑ እኔም ቤት ይሰማል፤ ትልቁ ልጄ የስልኩ መጥሪያ አድርጎታል። ዜማው ልብ ይበላል። ችግሬ ዜማው ተሸክሞት ከሚመጣው ነገር ጋር ነው፤ ሱሱን ያስተዋውቃል።

ታሪኩን ለማያውቀው በአጭሩ ላውራ። ያደገው ቺካጎ ዳርቻ ነው። እናቱ ሃይማኖተኛ ናት፤ ራፕ እንዳይሰማ ትከለክለው ነበር። በአራት ዓመቱ ፒያኖ ጀመረ፤ ከዚያ ጊታር፣ ከዚያ ድራም። ሃይስኩል እያለ ዘፈኖቹን ሳውንድክላውድ የሚባል የኢንተርኔት የሙዚቃ ገጽ ላይ መጫን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2018 አንዱ ዘፈኑ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ሁለተኛ ደረሰ። በማግሥቱ ዓመት መጋቢት ላይ አልበሙ አንደኛ ወጣ። ኅዳር ላይ ሞተ። ከጫፍ እስከ መቃብር ዓመት አልሞላም።

አዘጋጆቹ "እሱ እኮ እያስጠነቀቀ ነው" ይሉኛል። ማንን? ጁስ ወርልድ ሊን የሚባለውን፣ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ከለስላሳ ጋር የሚደባለቅበትን ነገር፣ የጀመረው ስድስተኛ ክፍል እያለ ነው። ምን አስጀመረህ ሲባል የፊውቸርን ዘፈን ሰምቼ ነው አለ። ፊውቸር ከእሱ በፊት የገነነ ራፐር ነው። በኋላ ሁለቱ አብረው ሠሩ፤ ልጁም ይህንኑ ለራሱ ለፊውቸር ነገረው። ፊውቸር ለሮሊንግ ስቶን መጽሔት እንዳወራው ክው ነው ያለው። በኔ ምክንያት የጀመረ ሌላ ስንት የስድስተኛ ክፍል ልጅ አለ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ዘፋኙ ራሱ ከጠየቀ፣ እኔ ብጠይቅ ምን ነውር አለው?

አንድ ልጨምር። ባለፈው ክረምት ከመንዝ በኩል አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። በአንድ እጇ የጻድቃኔ ማርያምን ጠበል በቢጫ ጀሪካን ይዛለች። በሌላው የልጁን ክንድ። ልጁ ሃያ አይሞላውም። ጣቱ ስለሚንቀጠቀጥ የጃኬቱን ዚፕ የምትከፍትለት እሷ ናት። ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቷል። እስቲ አውልቀው፣ የደም ግፊትህን ልለካ ስለው እምቢ አለ። "ሲስተር፣ የሚገባኝ ይሄ ሰውዬ ብቻ ነው" አለኝ። እውነቱን ይሆናል። ግን ሰውዬው ሞቷል። ልጁ ይህን ያውቃል፤ አልከበደውም። እኔን የከበደኝ ይኼ ነው።

ቢት ሠሪው፦

ሲስተር፣ የዚያ ልጅ ነገር አንጀቴን በላው። ግን እስቲ መለስ ብለው ይዩት። ጣቱን ያንቀጠቀጠው ምንድን ነው? አረቄ አይደል? አረቄውን ጁስ ወርልድ ቀዳለት? ደብረ ብርሃን አረቄ ለመጠጣት ከቺካጎ አስተማሪ አላስፈለጋትም። እዚህ ብርዱ ራሱ ሰበብ ነው። "ለብርዱ ነው" ይባልና አንድ መለኪያ፤ "ለሁለት እግር" ይባልና ሌላ። በዓል ሲሆን ለልጅ ጠላ ይቀዳል፤ "ጎበዝ" ተብሎ ይጨበጨብለታል። ለዚህ ሁሉ የመታሰቢያ ምሽት ይከልከል ያለ ሰው አልሰማሁም።

ሕጉንም እናውቀዋለን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን አልኮል እንዳይተዋወቅም ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው። ታዲያ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ መለኪያ ሲያነሳ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁላችንም አይተን ዝም እንላለን። ከዚያ ልጁ ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው ጆሮው ላይ ወዳለው ዘፈን ነው።

ማስታወቂያ ለሚሉትም ልመልስ። የቢራ ማስታወቂያ ድሮ እንዴት ነበር? ሰው ይስቃል፣ ይጨፍራል፣ ቆንጆ ቆንጆ ልጆች አሉ። ጁስ ወርልድ እንዲያ አይልም። ፈርቻለሁ ይላል፣ እንቅልፍ የለኝም ይላል፣ በወጣትነቴ እሞታለሁ ይላል። ይህን ሰምቶ "እኔም ልሞክር" የሚል ካለ፣ ልጁ ቀድሞም የሆነ ነገር እየበላው ነበር ማለት ነው።

ስቱዲዮዬን ቢያዩት ይስቃሉ። አንድ ክፍል ናት። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳው ላይ የመንዝ ባና ሰቅያለሁ፤ ከፋብሪካ ስፖንጅ ይሻላል። ዝናብ ሲሆን ግን የቆርቆሮው ድምፅ ይገባና ቀረጻ ይቆማል። ልጆቹ መጀመሪያ ሲመጡ የሚራፑት ስለ መኪናና ስለ ዶላር ነው። ዶላር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። አንዱ ግን ጁስን መስማት ከጀመረ በኋላ ሌላ ነገር ይዞ መጣ፤ አባቱ ሰክሮ ሲገባ እሱና እህቱ የት እንደሚደበቁ። መብራቱን አጥፋልኝ አለኝ። በጨለማ ቀዳን። በኋላ ለእናቱ አሰማት። እናቱ ያን ሁሉ ዓመት ልጆቹ የተኙ ነበር የመሰላት። እንግዲህ ይህን ዝፈን ያለው ማን ነው? ሲስተር የማይወዱት ልጅ።

ነርሷ፦

አልወደውም አላልኩም። ቃሌን አታጣምም።

የዚያ ልጅ ዘፈን ይቀረጽ፣ ይሰማም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማሰማው እሱን ነበር። የራሱን ቁስል በራሱ አፍ የተናገረ የከተማችን ልጅ እያለ የምሽቱ ስም ለምን ከቺካጎ ይመጣል? ባነሩ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ የማን ነው? በቅዳሜ በርጫ መርቅኖ፣ ማታ ምርቃናውን በጨብሲ ሰብሮ የሚመጣ ልጅ አዳራሹ በር ላይ የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ ሱሰኛ ነበር፣ ኮከብ ሆነ፣ በሃያ አንድ ዓመቱ ሞተ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ሻማ በራለት። አንተ ማስጠንቀቂያውን ትሰማለህ፤ ሆድህ ሞልቷል፣ እንቅልፍህን ተኝተሃል። ሃራራ ላይ ያለ ልጅ የሚሰማው ሻማውን ነው።

ቢት ሠሪው፦

ዘፈን ሰው እንደሚያድን ማስረጃ አለ። ሎጂክ የሚባል ራፐር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ራስ ማጥፋት አንድ ዘፈን አወጣ። ርዕሱ የስልክ ቁጥር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ራሳቸውን ሊያጠፉ ያሰቡ ሰዎች የሚደውሉበት። በ2021 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት ነገሩን አይቶታል። ዘፈኑ በጣም በተወራባቸው 34 ቀናት ወደዚያ ቁጥር የተደወለው ከሚጠበቀው በ6.9 በመቶ በልጧል። በነዚያው ቀናት ራሳቸውን ያጠፉትም ከሚጠበቀው አንሰዋል። ይህን ያመጣው ስብከት ነው እንዴ? ራፕ ነው።

ነርሷ፦

እሰይ፣ እንኳን አነሳኸው። ያ ዘፈን ለምን ሠራ? መጨረሻው ላይ በር ስላለው ነው። ጨነቀህ? ይኸው ቁጥሩ፣ ደውል። ስልኩን የሚያነሳ የሠለጠነ ሰውም ነበር። ያንተ ምሽት በሩ የት ነው? ልጁ ሦስት ሰዓት ላይ ከአዳራሽ ወጥቶ፣ ልቡ ተነክቶ፣ ከነገ ጀምሮ አቆማለሁ ቢል ወዴት ይሄዳል?

ይህን የምለው ላስጨንቅህ አይደለም። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ተነሳስቶ ብቻውን በአንዴ ቢያቆም ሊሞት ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ያልበዋል፣ ያቃዠዋል፣ የሌለ ሰው ያያል፣ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል። መድኃኒት አለው፤ ቫይታሚኑም አለ፤ ግን ሐኪም ፊት ነው የሚቆመው። ቤተሰብ ደግሞ "ጋኔን ነው" ብሎ ያስረዋል። ጠበሉን አልነካም። እኔም ጻድቃኔ ሄጄ ተጠምቄያለሁ። ከጠበሉ በፊት ወይም ጎን ለጎን እኛ ጋ አምጡት ነው የምለው። ያቺ የመንዝ እናት ሁለቱንም ይዛ ነው የመጣችው፤ ከብዙ የተማረ ሰው ትሻላለች።

ቢት ሠሪው፦

ይኼን ነገር እኔም አላውቅም ነበር። ልጆቹም አያውቁም። ምሽቱ ላይ መጥተው ቢናገሩትስ?

ነርሷ፦

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ዝናውን ዘለልከው። ልጁን ከሽሮፑ እኩል የገደለው እሱ ነው። ኩባንያው በ3 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው ተብሎ ሲወራ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲያ አብሮት የሚበር፣ አብሮት የሚያድር፣ ሻንጣ የሚይዝለት፣ የሚያጅበው ሁሉ እንጀራው ከልጁ ነው። ለእንጀራ ሰጪህ "ተው" ትለዋለህ? ቺካጎ፣ ሚድዌይ አየር ማረፊያ ሲወድቅ ናሎክሶን የሰጡት ሻንጣ ሊፈትሹ የመጡ የመንግሥት ሰዎች ናቸው። ናሎክሶን እንዲህ ባለ መድኃኒት የቆመ ትንፋሽ የሚመልስ መድኃኒት ነው፤ በጊዜው ከደረሰ። ገበያው እንደሆነ አልተዘጋም። ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አልበሙ እንደገና አንደኛ ሆነ።

ቢት ሠሪው፦

በዚያው ዓመት እናቱ በልጇ ስም ፈንድ እንዳቋቋመችም ይንገሯቸው እንጂ። በሱስና በጭንቀት የሚሰቃዩ ወጣቶችን ለመርዳት ነው። ራፕ አትስማ ትለው የነበረችው እናት ስሙን አልደበቀችም፣ ዘፈኑንም ዝም በሉ አላለችም። እኛ ከእሷ በላይ እንቆርቆር?

ስለ ዝናው ግን ተስማምቻለሁ፤ እንዲያውም ወደ ቤታችን ላምጣው። አንድ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ የተሰራጨለት ልጅ እዚህ ከተማ ሂሳብ ከፍሎ አያውቅም። ከጠባሴ እስከ ገበያው ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይጋብዘዋል። የሚጋብዘው ግን ምሳ አይደለም። "አንተ ጀግና፣ አንድ በኔ!" ነው። እምቢ ካለ "ዘፋኝ ሆነና ኮራ" ይባላል። ጥሩ ድምፅ ያላቸው ሁለት ልጆች ዓይኔ እያየ በግብዣ አልቀዋል። አንዱ አሁን ቀረጻ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጫት ይኖር እንደሆነ ነው። ሳይቅም ድምፁ አይወጣም፤ ቅሞ ደግሞ ግጥሙ ይጠፋዋል። እና ሲስተር፣ ዘፈኑን ከምንዘጋ ጋባዦቹን ሰብስበን ብንቆጣ አይሻልም? እነሱ ደግሞ ምሽቱ ላይ ይመጣሉ። የፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

ነርሷ፦

ይኼ ከተናገርከው ሁሉ ይሻላል። እንግዲህ ዋጋዬን ልንገርህ። አንደኛ፣ አዳራሹም ሆነ በሩ አካባቢ መጠጥ አይሸጥ። ሁለተኛ፣ ባነሩ ላይ የልጁ ፎቶ ብቻውን አይለጠፍ። ሦስተኛ፣ መዝጊያው የሞተ ሰው ዘፈን አይሁን። ኤሚኔምን አድርጉ። እሱም በመድኃኒት ሱስ ሊሞት ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 አቆመ፤ ከዚያ ወዲህም እየዘፈነ ነው።

ቢት ሠሪው፦

ሁለቱን እሺ። ኤሚኔም ግን ይቅርብን ሲስተር። የአባቴ እኩያ ነው እኮ! ልጆቹ ጥለው ይወጣሉ። ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

ነርሷ፦

ሃምሳ ያለፈው ስላቆመ ነው።

ቢት ሠሪው፦

በቃ፣ አንድ ዘፈን። ግን መድረክ ላይ ወጥተው የሚያስተዋውቁት እርስዎ ነዎት። የአረቄውንም ነገር እንዳሁኑ ይናገሩት፣ ጋባዦቹ ፊት።

ነርሷ፦

ኅዳር 28 የማታ ተረኛ ነኝ። ቀኑን ቀይሩት።

ቢት ሠሪው፦

የሙት ዓመት ይቀየራል እንዴ? ተራዎን ይቀያየሩ።