ይድረስ ከስልክ ስልክ ለሚዞሩት ክቡር የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱም ቢሆን ብዙ አልጠናብኝም። ጳጉሜን ገና ሳይጋመስ ጀምረው በቴሌግራምም በዋትስአፕም ሲጎርፉ ሰንብተዋልና።

በነጻ ስለሚላኩ ልወቅስዎ አይደለም። ኑሮው የታወቀ ነው። ሰው የዶሮ ዋጋ ጠይቆ ዝም ብሎ በሚመለስበት ከተማ፣ ካርድ ገዝተህ ቴምብር ለጥፈህ ላክ የሚል ካለ ጤንነቱ ያጠራጥራል። ድሮም ቢሆን ወጪው ቀላል አልነበረም። በዓል ሲቃረብ ሰው ካርድ መሸጫው ጋ ይቆምና የሚያብለጨልጨውን ያነሳል፣ ዋጋውን ያያል፣ መልሶ ያስቀምጣል። የሚያብለጨልጨው ለአለቃ ነው። ቀለል ያለው ለአክስት።

ፖስተኛ ቤት ለቤት በማይዞርበት አገር ካርዱ የሚገባው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ነው። የራሱ ሳጥን የሌለው በመሥሪያ ቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ሳጥን ቁጥር ይላክለታል። የገና ካርድ ለጥምቀት ቢደርስ ማንም አይቀየምም። ሲከፈት ውስጡ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አለበታ! እናትየው ከወገብ ሕመሟ ተሽሏታል፣ ልጁ ስምንተኛን አልፏል፣ ላሚቱ ወልዳለች።

እርስዎ ሲከፈቱ ግን ምን አለዎት?

እስቲ መስከረም 1 ቀን 2018 ጠዋት ከመጡልኝ አንዱን ላስታውስዎ። ከላይ አደይ አበባ። ጥሩ። ከአደዩ ጎን ጽጌረዳ፣ ከጽጌረዳው ጎን ሁለት ነጭ ርግቦች፣ ከርግቦቹ ሥር ሻማ። ሻማው ይንቀለቀላል፣ አበባው ብልጭ ድርግም ይላል። መሐል ላይ በወርቅማ ፊደል «እንኳን አደረሳችው» ተብሏል። ይሁን፣ ለምደነዋል። ቀጥሎ ግን «ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገራችሁ» ይላል። ቆይ እንጂ! ማቴዎስን እኮ ትናንት ማታ ሸኘነው። 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። ለካ እርስዎ የአምናው ነዎት። ዓመቱን ሙሉ የሰው ስልክ ውስጥ ተኝተው ከርመው፣ ፊትዎን እንኳ ሳይታጠቡ መጡ።

አላበቃም። ከግርጌዎ የአንድ ብሎኬት ማምረቻ ስልክ ቁጥር አለ። በዓሉን ምክንያት በማድረግ ቅናሽ ተደርጓል ይላል። የላከልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። የአጎቴ ልጅ ብሎኬት አያመርትም። ቤትም የለውም፣ ተከራይ ነው።

ገና ሲመጣ ደግሞ ይብስብዎታል። የታኅሣሥ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ እርስዎ ጎጆው በበረዶ ተቀብሮ፣ አጋዘኑ ተጠምዶ ከች ይላሉ። እኛ በዚያ ሰዓት ጥላ ፍለጋ ላይ ነን።

ለነገሩ ስንፍናው የዘር ነው። በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው ነበር። ሥራ በዝቶበት ለየወዳጁ የበዓል ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ ቢያጣ፣ ሠዓሊ አሥሎ ካርድ አሳተመ። ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው የገና ካርድ ያ ነው። አንዱ የተሸጠው በአንድ ሽልንግ ነው። አንድ ሽልንግ 12 ፔኒ መሆኑን፣ ደብዳቤ ለመላክ ደግሞ አንድ ፔኒ ይበቃ እንደነበር ልብ ይበሉ። አያትዎ ውድ ነበሩ ማለት ነው። ግን ያ ጊዜ ያጠረው ሰውዬ እንኳ የተቀባዩ ስም የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ካርዱ ላይ ትቷል። ያንን ቦታ ዛሬ የያዘው ብሎኬት ነው።

አናትዎ ላይ ሁለት ቀስት ተደራርቦ ሳይ ደግሞ አዝንልዎታለሁ። ብዙ እጅ ያለፈ መልእክት ምልክት ነው። ዋትስአፕ በ2020 እ.ኤ.አ. እንደ እርስዎ ያለውን ዟሪ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ግሩፕ ብቻ እንዲላክ ገድቦ ነበር። የሐሰት ወሬ እንዳይዛመት ነው አሉ። ዘመዶቼን አያውቃቸውም! ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ይልካሉ። ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ በአንድ ለመላክ ያልደከመ ጣት፣ «ጋሼ» ብሎ ለመጻፍ ሲሆን ይዝላል።

ነጻነትዎም ቢሆን ለላኪው ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያልተገደበ ዋይፋዩ ላይ ተቀምጦ ሙዚቃ ያለው ቪዲዮ ይለቅብኛል። እኔ ጋ ሲደርስ የሚበላው የእኔን ፓኬጅ ነው። ከዚያ ስልኩ ሜሞሪ ሞልቷል ይላል። የልጄን ፎቶ ላጥፋ ወይስ የማላውቀውን ሰው ሻማ?

ሌላው ጣጣ መልሱ ነው። ለእርስዎ ምን ተብሎ ይመለሳል? ርግብ ለላከ ሻማ፣ ሻማ ለላከ ርግብ። ጎረቤቴ ከድሮ የሥራ ባልደረባዋ ጋር በየበዓሉ እንዲህ ስትለዋወጥ ከርማ፣ ሴትየዋ መውለዷን የሰማችው ልጁ ድክ ድክ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። ሰላምታው ግን አንድም በዓል አልተቋረጠም።

ኪስ ከሆነ ችግሩ ሚስኮል አለ። አንዴ ጠርቶ ይዘጋል፣ ሳንቲም አያስወጣም፣ ደግሞ የደወለው ማን እንደሆነ በስሙ ያሳያል። የእንቁጣጣሽ ልጆችም አሉ። ዘንድሮ አንዱ በሬን አንኳኳ። ከደብተሩ በገነጠለው ወረቀት ላይ መልአክ ሥሏል። የመልአኩ አንድ ክንፍ ከሌላው በእጥፍ ይበልጣል፣ ቢጫው ከለር መሐል ላይ ስላለቀበት ግማሹ አደይ ብርቱካንማ ሆኗል። ከሥሩ ስሙንና ክፍሉን ጽፏል። አሥር ብር ስሰጠው ገልብጦ አየውና እኔን አየኝ። እውነቱን ነው፣ ጨመርኩለት። ሥዕሉ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። እርስዎን የት ልለጥፍዎ?

መስከረም 17 መስቀል ስለሆነ አሁን መንገድ ላይ እንደሆኑ አልጠራጠርም። አይምጡ አልልም፣ ብልም አይቀሩም። ቢያንስ ዓመተ ምሕረትዎን አይተው ይነሱ። ግርጌዎን ቆረጥ ያድርጉ። የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት መንትያዎ ቀድሞ ገብቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ባለፈው ሦስት ሆናችሁ ተደርድራችሁ ነበር። ከተቻለ ደግሞ ላኪው ከላይ አንዲት መስመር ይጨምርብዎት። «ጋሼ፣ ጉልበትህ እንዴት ሆነ?» ቢል ይበቃኛል። እሱም በነጻ ነው።

ከማይቀር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአጎቴ ልጅ
ጉልበቴ ደህና ነው፣ ስላልጠየቅከኝ አመሰግናለሁ።
ለብሎኬት ማምረቻው
ሠራተኛችሁ ደመወዝ ሳይከፈለው ሁለተኛ ዓመቱን ስለያዘ፣ ቢያንስ የትራንስፖርት እንድታስቡለት።