ተጠቃሚው እየፈራን ነው

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የሲስተም አስተዳዳሪዎች፣ ማለትም የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተርና ኔትወርክ የምንጠብቅ ባለሙያዎች፣ ኢንተርኔት ላይ ራሳቸውን እንደ ቁጡ ዘበኛ ያሳያሉ፣ በተጠቃሚም ይሳለቃሉ ይላል። ልክ ነው። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኔትወርክ ላይ ነው የምሠራው። የኮምቦልቻና የደሴ ልጆች ባለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ዛሬም ኬብሉን ነቅሎ ኢንተርኔት የለም አለኝ" እያልን ስንት ጊዜ ስቀናል።

አንዴ ግን አንዲት የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ በኢሜይል የመጣላትን ሊንክ ተጭና ሁለት ቀን ዝም አለች። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ "ትስቁብኛላችሁ ብዬ" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። በዚያ ሁለት ቀን ቫይረሱ የጋራ ፎልደሩን አዳርሶት ኖሮ፣ ባክአፑን፣ ማለትም የፋይሎቹን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ስመልስ ሰርቨር ክፍል አደርኩ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ይጮሃል፣ እኔ ደግሞ የእሷ ፊት ነው የሚታየኝ።

ለነገሩ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ፣ አርኤፍሲ 1855 የሚባለው፣ ለአስተዳዳሪዎችም የተለየ ክፍል አለው፤ ለጥያቄ ቶሎ መልሱ ይላል። ኢንተርኔትን የሠሩት ሰዎች ያኔም አስበውበት ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ግሩፕ ላይ የምንለጥፈውን ቋንቋ ሳናውቀው ቢሮ ይዘነው እንገባለን፣ አዲስ የሚቀጠሩት ልጆችም ሥራው እንዲህ ነው ብለው ይማሩታል።

አሁን የተጠቃሚ ስክሪንሹት ለሳቅ ሲለጠፍ፣ ለለጠፈው ልጅ በውስጥ መስመር ጽፌ እንዲያጠፋው አደርጋለሁ።