ልጃችሁ ሥራው ምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ላክሁ፤ አጎቴን፣ የዕድራችንን ሊቀ መንበርና የንስሐ አባቴን። ሽማግሌ የሚልክ ሰው ስለ ዘሩ፣ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ሥራው እንደሚጠየቅ የታወቀ ነው። ዘሬን አጎቴ ያውቃል፤ ሃይማኖቴን የንስሐ አባቴ ያውቃሉ። ሥራዬን የሚያውቅ ግን ስላልነበረ በዋዜማው ሰብስቤ አስጠናኋቸው።

«የማጅራት ገትር አምጪውን ባክቴሪያ የዘረመል ፊደል በኮምፒውተር እያነበበ፣ ለክትባት የሚሆነውን ክፍል ይመርጣል በሉ» አልኋቸው። ሊቀ መንበሩ ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ በሦስተኛው «ገብቶኛል» አሉ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ለእኔ እንኳ እስኪገባኝ አራት ዓመት ፈጅቷል።

በማግስቱ የሆነውን የነገረኝ አጎቴ ነው። የልጅቱ እናት «ልጃችሁ ሥራው ምንድን ነው?» ሲሉ፣ ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ማጅራት…» ብለው ቆሙ። የቀረው ጠፋባቸው። አዲስ አበባ ውስጥ «ማጅራት» ብሎ የቆመን ሰው አድማጩ በ«መቺ» ይጨርስለታል። አጎቴ ነገሩን ላድን ብሎ «በኮምፒውተር እኮ ነው!» አለ። ባሰ። ጨለማ ውስጥ አድፍጦ የሚመታው ቢበዛ ስልክ ይወስዳል፤ በኮምፒውተር የሚመታው ግን የባንክ ሂሳብ ያራቁታል። ቡናው ቶና ሳይደርስ «ተመካክረን ቀን እንቆርጣለን» ተብለው ተሸኙ።

ሴትዮዋ ፈጽሞ ተሳሳቱ ለማለት አልደፍርም። የሥራዬ ግማሽ የሌባ ጠባይ ማጥናት ነው። ይህ ባክቴሪያ ከስኳር የተሠራ ካፖርት ለብሶ ይዞራል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ሕዝብ ሲፈጅ የኖረውን «ኤ» የተባለውን ዓይነት ያስያዘው ካፖርቱ ነው፤ ያን ካፖርት ለሰውነታችን የሚያስለይ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ አገራችን ገባ። «ቢ» የተባለው ግን ብልጥ ነው። የእርሱ ካፖርት የተሠራበት ስኳር በገዛ ነርቭ ሴሎቻችን ላይም ያለ ነው። የቤቱን ልጅ ጋቢ ተከናንቦ በዋናው በር የሚገባ ሌባ በሉት፤ ዘበኛው እንኳን ሊይዘው፣ ተነሥቶ እጅ ይነሣዋል።

ሪኖ ራፑዮሊ የተባሉ ጣሊያናዊ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው ጋቢውን ተዉትና የሌባውን ሙሉ የዘር መዝገብ፣ ከ2 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ ፊደል፣ በኮምፒውተር አስነበቡ። ከጋቢው ሥር ብቅ የምትል የጫማ ጫፍ እየፈለጉ ነበር። 600 የሚጠጉ ተጠርጣሪ ፕሮቲኖች ተመዘገቡ፤ ከእነዚህ 350 ያህሉ ተመርተው በአይጥ ላይ ተሞከሩ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። ክትባቱ አውሮፓ ውስጥ የተፈቀደው በ2013 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት! እናቴ ለጋብቻዬ የሰጠችኝ ጊዜ እስከ ፋሲካ ነበር።

የእኔ ድርሻ ተጠርጣሪዎቹን መመዝገብ ነው። አይጥ አላይም፤ ብልቃጥ አልነካም። ስምንት ቀን ሲያሰላ የሰነበተ ኮምፒውተር በዘጠነኛው ቀን ንጋት ላይ መብራት ሲሄድበት ራሴን ይዤ እጮኻለሁ፤ ከሥራዬ ውስጥ ለዓይንም ለጆሮም የሚታወቀው ይህ ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ «ኮምፒውተር» እና «በሽታ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አገናኝተው ወስነውልኛል። ቅዳሜ ጠዋት በሬ ላይ ቫይረስ የገባበት ፍላሽ የያዘ ተማሪና ደም ግፊቷን ልትለካ የመጣች አክስቴ ተራ ይጠባበቃሉ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ንግግሩን የንስሐ አባቴ ተረከቡ። የቅኔ ሰው ስለሆኑ ከሥሩ ጀመሩት። «ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው» አሉ። «ክታብም ክትባትም ከዚያው ይወጣሉ። ልጃችን በአራት ፊደል የተጻፈውን ምሥጢር እያነበበ፣ በሽታ የሚያርቀውን ለይቶ ይከትባል።» እንዲህ ያማረ ማብራሪያ ከፕሮፌሰሮቼም አልሰማሁም። የልጅቱ እናት ግን አማተቡ። ከማጅራት መቺነት ወጥቼ ክታብ የሚደግም ደብተራ ሆንሁ።

ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ያልተናገሩት አባትየው «ልጁን ራሱን አምጡት» አሉ። ሽማግሌዎቹ ከወግ ውጭ ነው ብለው አጉረመረሙ፤ ነገር ግን አመጡኝ።

አባትየው ከጥር 1963 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ከታቢ የነበሩ ሰው ናቸው። ከእኔ በቀር ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ሽማግሌዎቼም ለካ ያውቁ ኖሯል፤ ግን ከእኔ ሥራ ጋር ምን አገናኘው? እንደ ሹካ ጫፉ ሁለት የሆነውን መርፌ በኪሳቸው፣ ክትባቱን በበቅሎ ጭነው፣ ወንዝ ሞልቶ ሲያግዳቸው እዚያው እያደሩ፣ ልጆቹን ጎተራ ውስጥ የሚደብቅ ሕዝብ እየለመኑ ዞረዋል። ክንድ ላይ አሥራ አምስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት። ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ላይ የአገሪቱ የመጨረሻ ታማሚ እስኪገኝ ድረስ።

«አንተም ከታቢ ነህ አሉኝ» አሉ።

«ነኝ፣ አባባ።»

«ስንት ሰው ከተብህ?»

ውሸት አልወድም። «አንድም» አልሁ።

«እንስሳስ?»

«አይጥ የሚከትቡት ሌሎች ናቸው።»

«በስንት ዓመት?»

«በስድስት።»

አጎቴ ወደ ጣሪያው አየ። ሊቀ መንበሩ ባርኔጣቸውን ፈለጉ። አባትየው ግን ትንሽ ቆይተው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እኔ በስድስት ዓመት ሦስት በቅሎ ገድያለሁ» አሉ። «ይህ ምን ገደለ? አንድ ኮምፒውተር!» ከዚያ ስለ ካፖርቱ ጠየቁኝ፤ ስለ ጋቢው ሌባ ስነግራቸው ጉልበታቸውን መቱ፤ እስከ በረካ ድረስ ሌላ ሰው አላናገሩም። ሠርጉ ለሚያዝያ ተቆረጠ።

ልወጣ ስል የልጅቱ እናት በሩ ላይ ያዙኝ። ስልካቸውን ከመቀነታቸው አወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቫይረስ ገብቶበታል ይሉኛል፣ ልጄ» አሉ። «ልጄ» ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚህ በኋላ ስለ ሁለቱ ቫይረሶች ልዩነት ማስተማር የሚችል ወንድ ካለ ይምጣ። ተቀብዬ አጠፋሁት፤ አበራሁት፤ ሠራ።

ደረጃውን ስወርድ ከአጥሩ ወዲያ ያሉትን ጎረቤታቸውን ሲጣሩ ሰማኋቸው። «አማቼን አየሽው? ሐኪም ነው!»

አጎቴ ሊያርማቸው ዞር ሲል ክንዱን ይዤ ጎተትሁት።