አንበሳው የማንን በግ እንደበላ አይጠይቅም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ስብሰባ ተቀምጬ ነበር። ጉዳዩ የዳታሴት፣ ማለትም የተሰናዳ የመረጃ ፋይል፣ መፈለጊያ ነው። የግብርና፣ የዝናብና የሕዝብ ቁጥር ፋይሎች አንድ ቦታ ተሰብስበዋል፤ የኤአይ ኤጀንቶች፣ ማለትም በሰው ፈንታ ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞች፣ እየገቡ ይፈልጉበታል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ያናደደኝ ውሳኔው ነው። የመፈለጊያው ዶክመንቴሽን፣ አጠቃቀሙን የሚያስረዳው ጽሑፍ፣ “ለጊዜው ይቆይ” ተባለ። እስካሁን የተጻፈለት አንድ መስመር ነው፤ እሱም በእንግሊዝኛ። ትርጉሙ “ዳታሴት ይፈልጋል” ነው። አለቀ።

ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ከመድረኩ የመጣው መልስ ተረት ሆነ። “ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም።” አዳራሹ ሳቀ። ኤጀንቱ ብልህ ስለሆነ ራሱ ይገባዋል ማለታቸው ነው።

እሺ፣ አንበሳ ይሁን። ለአንበሳ አይመትሩም፤ እሱም የማንን በግ እንደበላ ጠይቆ አያውቅም። ይሄን ማንም የመንዝ ሰው ይነግራችኋል።

ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። አንዱ አማራ ክልል ውስጥ ነው፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ሌላው ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፣ ዋና ከተማው ፍቼ። አንዱ በደሴ መንገድ፣ አንዱ በጎጃም መንገድ። አዲስ አበባ ውስጥ “አገሬ ሰሜን ሸዋ ነው” ስል የታክሲ ረዳት እንኳ “በየት በኩል?” ይለኛል። ረዳቱ አገሩን ስለሚያውቅ ይጠይቃል። ኤጀንቱ ግን ስለዚህ መፈለጊያ የሚያውቀው ያቺን አንድ መስመር ብቻ ነው።

ሞከርኩት። “የሰሜን ሸዋ የገብስ ምርት ስንት ነው?” አልኩት። ሄደ፣ ፈለገ፣ ፊት ያገኘውን ፋይል ይዞ መጣ። የፍቼው ነበር። ቁጥሩን ደግሞ በሙሉ ልብ ነው የሰጠኝ፤ “ምናልባት” የምትል ቃል እንኳ የለችበትም። አንድ ባለሙያ ያንን ቁጥር ይዞ በአማራው ሰሜን ሸዋ ላለችው ለመሐል ሜዳ የዘር እቅድ ቢያወጣስ?

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ (ኦቻ) ይሄ ችግር ገብቶት በፋይሎቹ ላይ ከዞኑ ስም አጠገብ የክልሉን ምልክት ይጨምራል። ለየዞኑም መለያ ኮድ አለው። እኛ ጋ የቀረው “የቦታ ስም ብቻ አትላክ፤ ክልሉን ወይም ኮዱን ጨምር፤ ካላወቅህ ተጠቃሚውን ጠይቅ” ብሎ መጻፍ ነው። ይሄ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ገና አልጨረስኩም። የንጉሡን ዘመን መዝገብ ከፈለጋችሁ የምታገኙት የአውራጃ ስም ነው፦ መንዝና ግሼ፣ ተጉለትና ቡልጋ፣ ይፋትና ጥሙጋ። የፍቼው ወገን ሰላሌ ነው። በላቲን ፊደል ደግሞ ሸዋን ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ይጽፈዋል። ይሄን ሁሉ ኤጀንቱ በሕልሙ ይየው?

ዓመቱስ? ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በእኛ 1999፣ በፈረንጅ 2007 ነው። ፋይሉ በፈረንጅ ከተመዘገበ 1999 ብሎ የፈለገ ባዶ ይመለስለታል። 2007 የሚል ያገሬ ሰው ደግሞ ሌላ ዓመት ማለቱ ነው። ባዶ ውጤት ሲመጣ ዳታው የለም ነው ወይስ በማይሆን አቆጣጠር ጠየቅህ? ያቺ መስመር አትናገርም። ኤጀንቱ “የለም” ይላል፤ እናንተም አምናችሁ ትተኛላችሁ።

በልግንማ ተዉት። ለመንዝ ደጋ በልግ ትልቅ ነገር ነው። የግብርና ናሙና ጥናቱ መኸርንና በልግን ለየብቻ ያወጣል። “ዓመታዊ ምርት” ተብሎ የመኸሩ ብቻ ቢመጣ ማን ያርመዋል?

አንድ ሌላ ተናጋሪ “ለመሆኑ ማንዋል የሚያነብ ሰው አይታችኋል?” አሉ። ከቀኑ ንግግር ሁሉ ደካማው ይሄ ነበር፤ የተጨበጨበለትም እሱ ነው። ሰውማ አያነብም። እኔም ከኤሌክትሪክ ምጣዴ ጋር የመጣውን ወረቀት ሳልገልጠው ጥዬዋለሁ። ኤጀንት ግን ያነባል! የኤአይ ኩባንያው አንትሮፒክ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2017 ይፋ ያደረገው ኤምሲፒ የሚባለው ማገናኛ የቆመው በዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ስሙን፣ መግለጫውንና የሚቀበለውን ነገር ጽፎ ያቀርባል፤ ኤጀንቱ ያንን አንብቦ ይሠራል። ጉግል እንኳ በፈረንጅ 2018 የዳታሴት መፈለጊያውን ሲከፍት የዳታ ባለቤቶችን “ፋይላችሁን በወጉ ግለጹ” ብሎ ነው የጀመረው። ስንት ዘመን “የሚያነብ ጠፋ” ስንል ኖረን፣ የሚያነብ ሲመጣ ባዶ ወረቀት ሰጠነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። መቶ ገጽ አይጻፍ። ኤጀንትም ሲበዛበት ዋናው ነገር ይጠፋበታል። ግን ከመቶ ገጽ ሸሽቶ አንድ መስመር ላይ መውደቅ ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ማታ ቤቴ ገብቼ በራሴ ኮምፒውተር መግለጫው ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። በአማርኛ። ስለ ሁለቱ ዞኖች፣ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ፣ ስለ በልግ። ያንኑ የገብስ ጥያቄ ደገምኩለት። “የአማራ ክልሉን ነው የኦሮሚያውን?” አለኝ። ልክ እንደ ታክሲው ረዳት።

በማግስቱ ጽሑፉን ይዤ ሄድኩ። በትሕትና ተቀበሉኝ። “ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል” ተባልኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር በጀት እንደሚያዝለት ያን ቀን ሰማሁ።