ደመ ነፍስ

ለንደን ውስጥ ከቤቴ ፊት ለፊት የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ባልቴት አምና ለ14 ዓመት አብሯቸው የኖረው ውሻቸው ሞተባቸው። ላጽናናቸው ስገባ የአንገቱን ቀበቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ያሻሹ ነበር፤ ቀና ብለውም ቤተ ክርስቲያን ሳሚ መሆኔን ስለሚያውቁ ውሻቸውን በሰማይ ያገኙት እንደሆነ ጠየቁኝ። በእርሳቸው አገር ጥያቄው ቆየት ያለ ነው። በሃይድ ፓርክ ጥግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1881 ጀምሮ ውሾች የተቀበሩበት፣ ስማቸውም በትናንሽ ድንጋዮች ላይ የተቀረጸበት ቦታ አለ፤ ሰባኪው ጆን ዌስሊም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንስሳት በፍጻሜው ዘመን ከሥቃያቸው አርፈው እንደሚታደሱ አስተምሯል።

ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሄጄ ድሬዳዋ እስከ ገና በሰነበትኩበት ጊዜ ጥያቄውን በልጅነታቸው አብነት ትምህርት ቤት ለነበሩት አጎቴ አቀረብኩላቸው። «ልጄ፣ የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ አትሞትም፤ የእንስሳ ግን ደመ ነፍስ ናት፤ ደሙ ሲፈስ አብራ ታልፋለች» አሉኝ። እኔም የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ አልክደውም።

በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ዳር ከሰል የተጫነ አህያ አየሁ። ማዳበሪያው የተፈተገበት ገጣባ ቀይ ሥጋ ያሳያል፤ ዝንብ ከቦታል፤ ነጂው ሲመታው ወገቡን ያጎብጣል እንጂ አይራመድም። አብሮኝ የነበረው የሰፈራችን ልጅ ፊቴን አይቶ «ጋሼ፣ ደመ ነፍስ እኮ ነው» አለኝ። ቃሉ የአጎቴ ነው፤ ነገር ግን በአጎቴ አፍ የነፍስን ባሕርይ የሚያስረዳው ትምህርት እዚህ ለዱላ ምክንያት ሆኖ ሲያገለግል ሰማሁት፤ ይህም በጣም አሳዘነኝ። በገና ሌሊት በበረት ሕፃኑን በትንፋሻቸው አሞቁት የምንላቸው፣ በሆሣዕና ጌታን ተሸክማ ኢየሩሳሌም ገባች እያልን የምናስባት እነዚሁ ናቸውና። መጽሐፈ ምሳሌም ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ይናገራል፤ ይህን ሲል ነፍሷ ሕያዊት ትሁን ደመ ነፍስ አልለየም።

ስለ ወዲያኛው ዓለም ግን መጽሐፍ የተናገረው ጥቂት ነው። መክብብ የእንስሳ ነፍስ ወደ ምድር መውረዷን ማን ያውቃል ብሎ ይጠይቃል፤ ኢሳይያስ ተኩላ ከበግ ጠቦት ጋር እንደሚኖር ያያል፤ ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 8 ፍጥረት ሁሉ እስከ አሁን አብሮ እንደሚቃትትና ከጥፋት ባርነት ነጻ ለመውጣት ተስፋ እንዳለው ይጽፋል። እኔ ከዚህ የማነበው፣ ቤተ ክርስቲያን እንስሳ እንደ ሰው ለፍርድ አይነሣም ማለቷ እግዚአብሔር ለፈጠረው ፍጥረት ምንም አላሰበም ማለት አለመሆኑን ነው።

ለንደን ስመለስ ለባልቴቷ ውሻውን ያገኙታል ብዬ ቃል አልገባሁላቸውም። የሮሜን ምዕራፍ አነበብኩላቸው። ስለሚቃትተው ፍጥረት የሚናገረውን ቁጥር እንድደግምላቸው ለመኑኝ፤ እኔም ስደግምላቸው ያ የቀፊራው አህያ በዓይኔ ላይ ነበር።